ሳያነቡ ማስነበብ

«አንብበኸዋል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አላነበብኩም» ለማለት ምን ይይዘዋል? ቃሏ አንዲት ናት። ቀረጥ የለባት፣ ወረፋ የላት። እኔ ግን ይህችን አንዲት ቃል ከአፌ ለማውጣት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። በመካከሉ ደግሞ ሰው ጎድቻለሁ። እያፈርኩም ቢሆን ላውጋችሁ።

ቆቦ የገባሁት በመንግሥት ሥራ ተመድቤ ነው። አገሬ ጎጃም ነው፣ ደጋ። ባጃጅ ገና ያልገባበት ዘመን ስለነበር በዚያ ሐሩር ከቤት ቢሮ በእግር ነበር የምመላለሰው። በሁለተኛው ዓመት አለቃዬ ለአንድ ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ላከኝ። ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ነው፤ ሜክሲኮ አደባባይ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ።

አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ወጣት ሰልፈኛውን በየተራ ታናግራለች። በእጇ የካርድ ጥቅል ይዛለች። አጠገቤ ደረሰችና በጣም በትሕትና፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። በየቀኑ? በየቀኑ። አሁን የት ደርሰዋል?

ብልጥ ሰው ቢሆን «ዘፍጥረት» ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ጨርሼዋለሁ» አልኳት። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «ይለፉ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ብለው ተራቸውን ለቀቁልኝ። እኔስ? ቀደምኩ እንጂ!

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ጊዜ አዳምንና ሔዋንን አውቃለሁ፤ ከኖኅ መርከብ ግን ወርጄ ብዙም አልተራመድኩም። እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው ዝርዝር ሲመጣ ነው የቆምኩት።

ልጅቷ ደስ ብሏት ጥቅሉን በሙሉ ሰጠችኝ። ካርዱ ላይ የዓመቱ ንባብ በየቀኑ ተከፋፍሎ ተጽፏል፤ ባነበቡ ቀን ጭረት የሚያደርጉበት ትንንሽ ሣጥን አለው። ለአገርዎ ሰው ያድርሱልን አለችኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው ግን ደሴን አልፎ፣ ወልዲያን አልፎ ቆቦ እስኪገባ ድረስ እየከበደ ነው የመጣው።

ካርዱን ወስጄ ለጋሽ ደምስ ሰጠሁ። ጋሽ ደምስ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢም ናቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ካርዱን አዩት። አንተ በዚህ መሠረት አንብበሃል ወይ አሉኝ። አሁን ምን ልበል? ሜክሲኮ ላይ ያልኩትን ቆቦ ላይ ልካድ? አዎ አልኳቸው። በማግሥቱ እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ከመካከላችን አንድ ወጣት ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ጨርሷልና እናንተም ቅኑበት ብለው ምእመኑ ፊት አቆሙኝ። እልል ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቀርቶ «መምህር» ሆንኩ።

ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኃላፊው እኔ ሆንኩ። ቅዳሜና እሑድ ካርድ ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን። ሮቢት ወረድን፣ ዋጃ ተሻገርን። ሥራው ደግሞ ተዋጣልኝ። ስለ ማንበብ ጥቅም ስናገር ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። የማያነብ ሰው ስለ ማንበብ ሲያወራ እኮ ይጣፍጣል። መጽሐፉ መጥቶ አያቋርጠውም።

እትዬ ለተብርሃንን ያገኘኋቸው በዚህ መሀል ነው። ከኮረም መጥተው ቆቦ እህል ተራ ሃያ ዓመት የከረሙ፣ ጤፍና ማሽላ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ዕድሜያቸው ከአምሳ አልፏል። የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ንግግሬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ፊደል አልቆጠርኩም አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ ለእግዚአብሔር ቃል አይመሽም፣ ዛሬም ይማራሉ ብዬ አንድ ካርድ አስጨብጫቸው ሄድኩ። ስንቱን እንዲህ እያልኩ ሄጃለሁ። ማን ያደርገዋል ብዬ!

አደረጉት። የጎልማሶች ትምህርት ገቡ። ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ሲሄዱ እህሉን የሚጠብቁላቸው የጎን ጎረቤታቸው ሼህ ይመር ነበሩ። «ሂጂ፣ ማንበብን የመሰለ ነገር የለም፣ አላህ ያግዝሽ» ይሏቸው ነበር። ከአዟሪ መነጽር ገዙ። በጣታቸው እየተከተሉ የሱቁን ሁሉ ማስታወቂያ አነበቡ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሙኝና፣ ይኼ ሁሉ «ሀ» ለምንድን ነው፣ አንዱ አይበቃም ነበር ወይ አሉኝ። ይህችን እንኳ አልመለስኩላቸውም።

በዓመቱ መጽሐፉን ገዙ። ችግሬም ያኔ ተጀመረ። ሰው ሲያነብ ይጠይቃላ! እሳቸው ደግሞ ጥያቄያቸውን የሚያመጡት «ለጨረሰው ሰው» ነው። እኔ ዘዴ ነበረኝ። «ግሩም ጥያቄ ነው፣ ለመሆኑ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» እላቸዋለሁ። ያሰቡትን ይነግሩኛል። «እንዳሉት ነው» እላለሁ። በዚህች ብቻ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ሲያምርብኝ!

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ቢሮዬ ድረስ መጡ። በአንድ እጃቸው የመንገድ ቦርሳ፣ በሌላው በነጠላ የተጠቀለለ መጽሐፍ ይዘዋል። መስኮቴ ላይ ባለጉዳይ ተሰልፏል። እትዬ ለተብርሃን ጎንበስ ብለው ጉዳያቸውን ነገሩኝ።

ለካ ኮረም ውስጥ ንግሥቲ የምትባል ታናሽ እኅት አለቻቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የንግሥቲ ባል ሲሞት እትዬ ለተብርሃን ከባላቸው ጋር አሰብ ለንግድ ሄደው ነበር። መርዶው የደረሳቸው አርባው ካለፈ በኋላ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ ንግሥቲ በሩን አልከፈተችም። ከውስጥ ሆና፣ የሞተው ባሌ ነው እንጂ ውሻ አይደለም ብላ መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። አሁን እሳቸው ማቴዎስ ላይ ደርሰዋል። መባ ይዞ የመጣ ሰው፣ በእሱ የተቀየመ ወንድም እንዳለ ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ ይታረቅ የሚል አግኝተዋል።

«ቂም የያዘችው እሷ ናት። እኔ ቂም የለኝም» አሉኝ። «እስከ ዛሬ እሷ ትምጣ ስል ነበር። አሁን ሳነበው ግን ሂጂ የሚለው እኔን መሰለኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ደግሞ ፈራሁ። በተሳሳተ ንባብ ሄጄ ያ በር ሁለተኛ ቢዘጋብኝስ? እኔ ተማሪ ነኝ፣ አንቱ ጨርሰውታል። የሚሄደው የተቀየመው ነው፣ ያስቀየመው?»

በዕለቱ ዘዴዬ ከዳኝ። ምን እንደሚመስላቸው ነግረውኛልና መልሼ ልጠይቃቸው አልቻልኩም። ባለጉዳዩ ያዳምጣል፣ የሥራ ባልደረቦቼ ጆሯቸውን አቁመዋል። እኔም ማቴዎስን ሳይሆን ራሴን ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ይቅር የሚለው የተቀየመ ነው» አልኳቸው። «በሩን የዘጋችው እሷ፣ የምትከፍተውም እሷ። ደግሞ መባና መሠዊያ ያለው የካህናት ነገር ነው። እርስዎን አይመለከትም።»

ፊታቸው ላይ ቅሬታም እፎይታም አየሁ። ሰው የፈራውን መንገድ «ይቅርብህ» ሲሉት ደስ ይለዋል። እግዜር ይስጥልኝ መምህር ብለው ቦርሳቸውን ይዘው ወደ እህል ተራ ተመለሱ። እኔም «ቀጣይ» አልኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያለው ሰው ያን ቀን ቢያየኝ ተረቱን በስሜ ያደርገው ነበር።

ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጽሐፉ ከራስጌዬ ነው ያለው። ገልጦ ማየት ምን ይከብዳል? ያልኩት ትክክል ቢሆን እገላገላለሁ፤ ስሕተት ቢሆንስ? ስለዚህ ሳልገልጠው ሦስት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው እሑድ ገለጥኩት። ገጾቹ ከፋብሪካ እንደወጡ ተጣብቀው ነበር፤ በጥፍሬ ነው ያላቀቅኋቸው። ምዕራፍ አምስት ላይ አገኘሁት። እዚያ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሕፃን የሚገባው አማርኛ ነው። ምናልባት ይለወጥ እንደሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልተለወጠም።

ሰኞ ልነግራቸው ወጥቼ ገበያ ነው ብዬ ተመለስኩ። ማክሰኞ እንዲሁ አንድ ሰበብ አገኘሁ። ረቡዕ ከፊታቸው ቆምኩ። ለአንዲት ገዢ ጤፍ እየሰፈሩ ነበር።

«እትዬ ለተብርሃን፣ የነገርኩዎት ስሕተት ነው። የእርስዎ ንባብ ነው ልክ። እኔ አላነበብኩትም።»

«ያን ምዕራፍ?»

«መጽሐፉን።»

የጀመሩትን ጤፍ እስከ መጨረሻው ሰፈሩ። ሴትዮዋን ሸኙ። መስፈሪያውን ጆንያው ውስጥ መለሱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ስታደርግ ከረምክ?»

ሰማችሁ? «ከረምክ» አሉኝ። በአንቱታ የኖርኩባቸው ሴት በአንድ ቃል ወደ አንተ አወረዱኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሼህ ይመር ሁሉንም ሰምተው ኖሮ አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። እትዬ ለተብርሃን እህሉን አደራ አሏቸውና ያንኑ ቀን በሚኒባስ አላማጣ፣ ከአላማጣም ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥተው ኮረም ገቡ።

የተመለሱት በሳምንቱ ነው። ልጠይቃቸው ሄድኩ። መቀመጫ ሰጡኝ። ንግሥቲ እሳቸው ከመድረሳቸው ከስምንት ቀን በፊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወድቃ ነበር። ግማሽ ጎኗ ሰልሏል። ጆሮዋ ይሰማል፣ አንደበቷ ተይዟል። በሩን የከፈተችላቸው ልጇ ናት። ንግሥቲ እኅቷን ስታይ በደህናው እጇ ያዘቻቸውና አለቀሱ፣ ሁለቱም። ታርቀናል አሉኝ።

እኔም ተመስገን ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀጠሉ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትለኝ ነገር ይዛ ቆይታለች። አልሰማሁትም። ስድብም ቢሆን ብሰማው እወድ ነበር።»

ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። ቦርሳቸውን ይዘው ቢሮዬ ከመጡበት ማክሰኞ እስከ ንግሥቲ መውደቅ ድረስ ሁለት ሳምንት ነበረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያ አንደበት ደህና ነበር። እትዬ ለተብርሃን ይህንን ስሌት አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ አላነበብኩም፣ ዋሽቻችኋለሁ አልኩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ጋሽ ደምስ ተነሥተው፣ በእውነቱ እኔም ነገሥት ላይ ከቆምኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ካርዱን ግን እሞላ ነበር አሉ። ከዚያማ ማን ይቻለው! አንዱ ዘሌዋውያን ላይ፣ አንዷ መዝሙር ላይ፣ ገሚሱም እንደ እኔ መርከቡ ውስጥ ቀርቷል። በዚያ ሁሉ አዳራሽ ካርዱ ላይ እንደተጻፈው በእውነት ስታነብ የከረመች አንዲት ሴት ብቻ ተገኘች። እሷም ፊደል የቆጠረችው ለዚሁ ብላ ነው። በዚያው ቀን እኔን ሽረው እሳቸውን ሾሙ።

አዲሷ ኃላፊ መጀመሪያ ያዘዙት እኔን ነው። እሑድ ኮረም አብረኸኝ ትሄዳለህ አሉኝ። «እኔ ፊደል በፊደል ሳነብላት ንግሥቲን እንቅልፍ ይወስዳታል፤ አንተ ድምፅ አለህ፣ ታነብላታለህ» አሉኝ። እምቢ ልል አፍ አልነበረኝም።

ወይዘሮ ንግሥቲ ትራስ ተደግፈው ጠበቁን። የቀጨጩ፣ ዓይናቸው ግን ንቁ የሆነ ሴት ናቸው። ከማቴዎስ የመጀመሪያ ምዕራፍ ጀመርኩላቸው። መጀመሪያው ላይ ደግሞ ያው እገሌ እገሌን ወለደ ነው፤ አንድ ስም ሳልዘል አነበብኩት። አምስተኛው ላይ ስደርስ ውሃ ለመንኩ። ጠጥቼ ቀጠልኩ።

ስጨርስ ወይዘሮ ንግሥቲ ትኩር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ እኅታቸው ዞሩ። ማን ነው ይኼ ማለታቸው እንደሆነ ያስታውቃል። እትዬ ለተብርሃን በትግርኛ አንዲት ነገር በጆሯቸው አሉ። የሴትዮዋ ግማሽ ፊት ተፍታታ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ዳገቱን በሚኒባስ ስንወርድ አላስችል አለኝ። ምን ብለዋቸው ነው እንዲያ የሳቁት አልኳቸው። እትዬ ለተብርሃን ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ በመስኮቱ ወደ ራያ ሜዳ እያዩ መለሱልኝ።

«‹መጽሐፍ ቅዱስን የጨረሰው ሰውዬ ይኼ ነው› አልኳት።»