ጭብጨባው ቀድሞ የገባበት ዝግጅት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ኤፍራታ ያየችው ሕልም ለጠላትም አይስጥ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመራቂ ናት። የመመረቂያ ሥራዋ አባባ ጓንጉል የሚባሉ አዛውንት በክራር የተጫወቷቸውን ሦስት ዘፈኖች ቀድቶ፣ አሰማምሮ ማስረከብ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ደጅ ጠንታቸዋለች። «አንዴ ብቻ ነው፤ ደግሜ አልነካውም» ብለው ተጫወቱላትና በማግስቱ አገራቸው ገቡ። ኤፍራታም በማስረከቢያው ቀን የስቱዲዮው ኮምፒውተር ሥራውን እስኪጨርስላት ስትጠብቅ እንቅልፍ ጣላት።

አዳራሽ ገባች። ተመልካቹ መድረክ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ዘፋኞቹ ትኬት ቆርጠው ታች ተቀምጠዋል።

«ምኑ ተጀመረና ነው የሚጨበጨበው?» አለች ደንግጣ።

ማይክራፎኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጭብጨባው እንኳ አልቋል። ዘፈኑን በልኩ ሥሪለት።»

ዞር ስትል ፈተና ክፍል ናት። ፈታኞቹ ክራሮች ናቸው። ትልቁ ክራር አባባ ጓንጉልን ታቅፎ ጢማቸውን ይደረድራል።

«አባባ! ምን አደረጉዎት?»

«ዝም በይ ልጄ፤ እየተቃኘሁ ነው።»

ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ትልቁ ክራር ግን ቀና ብሎ አያትና «ይቺ ልጅ ላልታለች» አለ። ጆሮዋን ይዞ ጠመዘዘው።

«ሥራሽን ጨርሰሻል። ዕቅድሽስ?»

«ጽፌያለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት... ሥራው ካለቀ በኋላ።» ምላሷ አመለጣት። አሁን ጉዴ ፈላ አለች።

«ጎበዝ! ተማሪ እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ክራሮቹ በአንድ ድምፅ። ከቁጣው ይልቅ ምስጋናው አስደነገጣት።

«ተራ ቁጥር አራትን አንብቢ።»

«ቅጂውን በየቀኑ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ።»

«አስቀመጥሽ?»

«ምልክት አድርጌበታለሁ።»

ክፍሉ በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ።

ጭብጨባው ቀሰቀሳት። የእውነት ጭብጨባ ነው፤ ሕንጻው በሙሉ ይጮኻል። ለእኔ ነው ብላ ልቧ በደስታ ዘለለ።

«መጣ! መብራት መጣ!» ይላሉ ተማሪዎቹ በኮሪደሩ።

ክው አለች። መሄዱን መች አውቃ! ኃይሉ እንደ ጉድ ነበር የተመለሰው። የኮምፒውተሩን ቁልፍ ብትጫነው ብትጫነው አልነሳ አለ፤ ከሆዱ የተቃጠለ ነገር ሸተታት።

በሩ ተከፈተ። መምህር ዘርፉ ቀድማ ያስገባችውን የዕቅድ ቅጿን ይዘው፣ ፊታቸው በፈገግታ በርቶ ገቡ።

«ኮምፒውተር ተቃጠለ ብሎ ሁሉም እያለቀሰ ነው እኮ» አሏት። «እንዳንቺ ያለ አስተዋይ ግን አላየሁም። በይ ልጄ፣ ሁለተኛውን ቅጂ አምጪ።»