አንድ የጋቢና ወንበር፣ ሁለት ታንክ

(መተማ ዮሐንስ፣ ሰኔ 1979። ከመጂዳ ሻይ ቤት በስተጀርባ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል። የጭነት መኪና ሾፌሩ ሐሚድ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ባመጣው ባለ ቀለም የቴሌቪዥን ጨዋታ ላይ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ታንክ በአረንጓዴ ሜዳ ተፋጠዋል። ዝናቡ መንገዱን ሊዘጋው ነውና ነገ ጠዋት ወደ ጎንደር የምትወጣው የሐሚድ መኪና የመጨረሻዋ ናት። ጭነት ላይ ሰው ማውጣት ኬላው ከልክሏል፤ ጋቢናው ውስጥ የቀረው ወንበር ደግሞ አንድ ነው። ፈላጊዎቹ ሁለት፦ የመንግሥት እርሻው ትራክተር ነጂ እንግዳውና ከጎጃም ለሰሊጥ አረም የመጣው ቢሻው። ሐሚድ የትኛውን ወዳጁን ያስቀይም? «ተጋጠሙ፤ ቀድሞ አምስት ጊዜ የመታ ይሳፈር» ብሎ ሻዩን ይዞ ተቀመጠ። እንግዳው ግን መቅረት አይችልም። ሚስቱ ዙፋን ጎንደር ወልዳ፣ የበኩር ልጁ እሑድ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሣል።)

እንግዳው፦ አስቀምጠው ብዬሃለሁ! መሪውን አስቀምጠው!

ቢሻው፦ መሪ መሆኑን በምን ልወቅ ጋሼ? የድስት ክዳን እጀታ መስሎኝ ነው።

እንግዳው፦ ስድስት ዓመት ትራክተር የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ክብ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። መሪው ለኔ፣ ያች ዱላ ላንተ።

ቢሻው፦ በዱላ ደግሞ ምን ይነዳል?

እንግዳው፦ በሬ በምን ትነዳለህ?

ቢሻው፦ በጅራፍ።

እንግዳው፦ ኤጭ! ወደፈለግህበት ትገፋታለህ፤ ይሄን ቀይ ቁልፍ ስትጫን ይተኩሳል።

ቢሻው፦ በሬው?

እንግዳው፦ ታንኩ!

(እንግዳው ጭንቀቱ ለቀቀው። ይሄን ሰው ማሸነፍ የተኛ ጥጃ ማሰር ነው! ደስታው ቸር አደረገውና ሊያለማምደው ፈቀደ።)

እንግዳው፦ ኋላ «ሳላውቅ በለጠኝ» እንዳትል፣ መጀመሪያ ልምምድ። ሰማያዊው ያንተ ነው። ንዳ።

ቢሻው፦ (ዱላውን ገፋ፤ ታንኩ ሄዶ ግንብ ላይ ተለጠፈ) ቆመ።

እንግዳው፦ ግንብ ገጭተህ ምን ሊሆን ኖሯል? ወደኋላ! ወደኋላ በል!

ቢሻው፦ (ከነበርጩማው ወደኋላ ተሳበ) ይኸው። ይበቃል?

እንግዳው፦ አንተ አይደለህም! ታንኩን መልሰው!

ቢሻው፦ እሺ፣ ታንኩንም።

እንግዳው፦ አሁን ጆሮህን ስጠኝ። ስትታጠፍ ፍጥነት ቀንስ። ቆመህ ሳታነጣጥር አትተኩስ። ከሁሉም ከሁሉም ግን ሰብል እንዳትረግጥ!

ቢሻው፦ የምን ሰብል?

እንግዳው፦ አረንጓዴው ምን መሰለህ? ሰሊጥ ነው እንጂ! ትራክተር ነጂው ጎሹ እኮ አምና አንድ መስመር ሰሊጥ ቢጨፈልቅ፣ ሦስት ስብሰባ ሙሉ ሂስ ሲወርድበት ከረመ።

ቢሻው፦ ጋሼ፣ እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰሊጥ ሳርም ነው የምውለው። ይሄ አረም ነው።

እንግዳው፦ ከትራክተር ላይ ሆኖ ከሚያየው ሰው አንተ ትበልጣለህ?

ቢሻው፦ እኔማ ጎንበስ ብዬ ነው የማየው።

(ሐሚድ አጨበጨበ፤ ግጥሚያው ተጀመረ። ሰማያዊው ታንክ እየተወላገደ መጣ። ቀዩ ንቅንቅ አላለም።)

ቢሻው፦ ጋሼ፣ ምነው ቆምህ?

እንግዳው፦ ሞተሩ ይሙቅ እንጂ! በብርድ አስነሥተህ ወዲያው... ኧረ! ኧረ መታኝ!

ቢሻው፦ ይቅርታ፤ ሲሞቅ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ እጄ አመለጠኝ።

(እንግዳው ጥርሱን ነከሰ። ቀዩ ታንክ የሜዳውን ጠርዝ ይዞ፣ ልክ እንደ እርሻው ዳር መንገድ፣ በሥነ ሥርዓት ዞረ። ቢሻው ግንብ ላይ በተለጠፈ ቁጥር እየደረሰ ሦስቴ አከታትሎ መታው።)

እንግዳው፦ አየህ? ሙያ ማለት ይሄ ነው! ሦስት ለአንድ! አንተ ሐሚድ፣ ወንበሬን ጥረግልኝ!

ቢሻው፦ አንተ ለምን በዳር በዳር ትዞራለህ? መሐሉ እኮ ይቀርባል።

እንግዳው፦ ሰሊጡን ልርገጥ?

ቢሻው፦ እንግዲያ እኔ ላርመው።

(ዱላውን ፊት ለፊት ገፋ። ሰማያዊው ታንክ መሐል ሜዳውን ሰንጥቆ፣ ሳያነጣጥር፣ ሳይቆም፣ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ግራ ቀኝ እየረጨ መጣ። ሁለት። ሦስት። አራት።)

እንግዳው፦ ቁም! ዝም ብሎ ይተኮሳል እንዴ? ሕግ የለም?

ቢሻው፦ ሕጉን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ ጋሼ፤ የምትዞርበትን እያሰብሁ ነው የምጠብቅህ።

(እንግዳው ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እንደምንም አንዴ መታ፤ አራት ለአራት። አሁን ሰማያዊው ከማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። መሐሉን ቢቆርጥ በአንድ ጥይት ያበቃል፤ ልጁን አቅፎ ይስማል። መሪውን ሊያዞር ሞከረ። ስድስት ዓመት ሰብል ያልረገጠ እጅ ግን እምቢ አለ። በዳር ዞረ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ቢሻው ጠበቀው።)

ቢሻው፦ አምስት። ኻላስ፣ አለቀ።

እንግዳው፦ (በርጩማው ላይ ተዘፈዘፈ) ልጄ አባቱ በሌለበት ክርስትና ሊነሣ ነው። ቢሻው፣ በሞቴ ወንበሩን ተውልኝ! ጎጃም የትም አይሸሽብህም!

ቢሻው፦ ጎጃም አይደለም የምሄደው፤ ጎንደር ነው። እሑድ ክርስትና አለብኝ።

እንግዳው፦ የማን?

ቢሻው፦ የልጅህ ነዋ። ዙፋንን ለወሊድ ከሽንፋ ወደ ጎንደር ያሳፈርናት ዕለት፣ «ወንድ ከሆነ ክርስትና አባቱ አንተ ነህ» ብለህ በመድኃኔዓለም አላስማልኸኝም?

(እንግዳው ትዝ አለው፤ ትዝ ብሎትም ጆሮው ድረስ ቀላ።)

እንግዳው፦ ቢሻው... ባሸንፍህ ኖሮ ልጁን ማን ያቅፈው ነበር?

ቢሻው፦ እኔም በሆዴ እሱን ነው ስጠይቅ የዋልሁት።

እንግዳው፦ ታዲያ ምነው ዝም አልኸኝ?

ቢሻው፦ ሁሉን የምታውቅ ሰው እንዲህ ስትታገለኝ ሳይ፣ ያለ ክርስትና አባት ክርስትና የሚነሣበት አዲስ አዋጅ ወጥቶ ይሆናል ብዬ ነዋ!